ጴጥሮስ ፊቴን ለጥሩው ሰውዬ ሰጠው

ሚዛን ተፈሪ ላይ ጴጥሮስን የማያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ ያ ሰው ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደ ነው። ከመናኸሪያው ጀምሮ ያለው ታፔላ ግማሹ የሱ እጅ ነው። የሥጋ ቤቱ በሬ የሱ ነው፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ የሱ ነው። ሀይደር ባጃጁ ጀርባ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ያስጻፈው እሱን ነው። ምቀኛውን ከፈለጋችሁ እኔ ነኝ። ኸይሩ እባላለሁ፣ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተስማማንም።

የማወራላችሁ ስለ ጴጥሮስ ነው። ስለሱ እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ሲያወራ ደስ አይለኝም።

እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ሰው ነው። እናቱ ቤንች ናት፣ አባቱ ከካፋ የመጣ አናጺ። ልጅ ሆኖ ቸርች የልጆች ፕሮግራም ላይ ይገባ ነበር። አስተማሪያቸው ታሪኩን የምትነግራቸው በስዕል ነው፤ ትልልቅ ካርቶኖች በገመድ አስራ፣ አንዱን ስትጨርስ ወደ ኋላ ትገለብጠዋለች። ሌላው ልጅ ስዕሉ ላይ ሲያፈጥ ጴጥሮስ የሚያየው ልጆቹን ነበር። «ማንም የተሰቀለውን አያይም» ይላል፣ በዚያ ከጉድጓድ ውስጥ በሚመስል ድምፁ። «ሁሉም የሚያየው ከስሩ ብቅ ያለችውን፣ የሚቀጥለውን ካርቶን ጫፍ ነው።» ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም የሚያወራው ስለዚያች ጫፍ ነው።

አስረኛ ጨርሶ ብሩሽ ያዘ። መጀመሪያ የሳለው የሥጋ ቤት በሬ አንገቱን አዙሮ በሩን ያያል። ባለ ሥጋ ቤቱ «ምንድነው የሚያየው?» ቢለው «ማን እንደሚገባ» አለው። ሰው ሁሉ እየመጣ በሬው የሚያየውን ሊያይ ደጁ ላይ መገተር ጀመረ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ግን ጠፋ። ባለ ሥጋ ቤቱ አስጠፋውና ወደ ፊት የሚያይ በሬ አስደገመው። አሁን ያለው ያ ነው። እሱን ማንም ቆሞ አያየውም።

የስዕል ታሪክ መሥራት የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ወረቀት በሳጥን በሳጥን ይከፋፍላል፣ ስድስት ወይ ስምንት ያደርገዋል፣ እና የሰፈሩን ነገር በየሳጥኑ ያስገባል። የራሱ ክፍል ከኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ ግን ቀን ቀን የሚሠራው እኔ ጋ ነው። በፍቅሬ እንዳይመስላችሁ። በመስታወቶቼ ነው። ደንበኛ ማጅራቱን እንዲያይ ብዬ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ አድርጌያለሁ፤ ጴጥሮስ ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ሆኖ አንዱን ሰው በፊቱም በጀርባውም በአንድ ጊዜ ያየዋል።

ለሱ ደሞ ጀርባ ከፊት ይበልጣል። «ከኋላው ያላወቅኩትን ሰው አልስልም» ይላል። በዚህ ነገር የደረሰበትን ልንገራችሁ። ለተብርሃን የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ወድዶ ነበር። አንድ ቀን «ሳለኛ» አለችው። ሳላት። ከዝናብ በኋላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ዳገቱን ስትወጣ፣ ከኋላዋ። ያየ ሰው ሁሉ ገና በሩቁ «ለተብርሃን» ይላል። እሷ ግን «ፊት የለኝም እንዴ?» አለች። «አለሽ፣ ግን ሰው የሚያውቅሽ በዚህ ነው» አላት። አሁን ማጂ አግብታ ሁለት ወልዳለች ይባላል። ባልየው ፊቷን አይቶ ነው ያገባት።

ስዕሎቹ ላይ ቃል የለም፣ አንድም። የገበያ ቀን ደጄ ላይ ከሚቆመው ሰው ግማሹ ቤንችኛ፣ ሌላው ሸኮኛ፣ ሌላው ካፊኛ ነው የሚያወራው። አማርኛውን የሚሰማው እንኳ ሁሉም አያነበውም። «ቃል ከጻፍኩ ያነበበው ላላነበበው ይተረጉማል። ከዚያ ታሪኩ የኔ መሆኑ ይቀራል፣ የተርጓሚው ይሆናል» ይላል። ይህን ሲል እኔን እያየ ነው።

ሌላው ነገሩ ደሞ ዋናውን አይስልም። ሰው ሲወድቅ አይስልም። በአንደኛው ሳጥን ሀይደር አንድ እግሩን ከባጃጁ ሲያወርድ፤ በሚቀጥለው ሳጥን የሀይደር ኮፍያ ብቻዋን ጭቃው ላይ። አለቀ። ሰው ይንከተከታል።

«መውደቁ የት አለ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንተ ምን አየህ?»

እኔማ አይቼዋለሁ። በቂጡ ነው የወደቀው፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ።

«እኔ ብስለው ኖሮ እንደዚያ አያምርም ነበር» አለኝ።

አንዱን ታሪክ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያሳየው ለእትዬ ሸዋነሽ ነው። እትዬ ሸዋነሽ ከደጄ አጠገብ አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች፣ ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን ተቀብላ፣ አቮካዶ በስሎ እንደሆነ እንደምታየው ታገላብጠዋለች። «ከዚያስ?» ካለች ጴጥሮስ ፊቱ ይፈታል። «ይሄ ደሞ ማነው?» ካለች ግን ወረቀቱን እዚያው ቀዶ የልጣጭ ማጠራቀሚያዋ ውስጥ ይጨምረዋል። አንድ ቃል አይከራከራትም። ስንት ቀን የደከመበት ይሁን፣ አይከራከራትም።

የኔ ድርሻ መንቀሳቀሱ ላይ ነው። ሰው ከኋላው የሚታወቀው በአካሄዱ ነው አይደል? አካሄድ ደሞ እኔ ጋ ነው ያለው። «ኸይሩ፣ ሀይደር ዋጋ ሲጨምር እንዴት ነው የሚቆመው?» ይለኛል። ማሽኔን አስቀምጬ እሆንለታለሁ፤ አንድ እግር ከባጃጁ ውጭ፣ ዓይን ወደ ደመናው፣ ዋጋውን ከላይ የነገሩት ይመስል። ወንበር ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ጸጉሩን እንደተቆረጠ ይስቃል። ጴጥሮስ አይስቅም። እርሳሱ ብቻ ሸር ሸር ትላለች። ያለቀውን በገበያ ቀን በሱቄ በር መስታወት ላይ ይለጥፈዋል፣ ሰውም እየመጣ ያያል።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ድሮ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው እኔን ሊሰማ ነበር። አሁን ከውጭ ሆኖ መስታወቱን አይቶ፣ ስቆ፣ ጸጉሩን ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት የቡና ለቀማ ሊደርስ ሲል አንዲት ባለሙያ መጣች። ትሁት ትባላለች፣ ገበሬዎችን ከሚያሠለጥን ድርጅት ናት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ሪፖርት እንደምታነብ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ዓላማው ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። ባለፈው በጽሑፍ የተሞላ ባነር ሰቅለን ነበር። ሰዉ ዝናብ ሲመጣ ተጠለለበት።»

አሁን የምትፈልገው ስምንት ሳጥን ያለው፣ ቃል የሌለው ትልቅ ባነር ነው። ሁለት ጎረቤት ገበሬዎች። አንደኛው ቀዩን እሸት ብቻ አንድ በአንድ እየለቀመ ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ የሚያደርቅ። ሌላው ስግብግብ ነው፣ አረንጓዴውንም ቀዩንም ከቅርንጫፉ ገፎ መሬት ላይ የሚያሰጣ። ባነሩ ሚዛን፣ ቴፒ፣ ጌጫና ማጂ ገበያ ላይ ይሰቀላል።

«የጥሩው ገበሬ ፊት መጀመሪያውና መጨረሻው ሳጥን ላይ ትልቅ ሆኖ ይውጣ። ሰው እሱን መምሰል እንዲፈልግ» አለች።

ይህን ስትል ማሽኑ በምቆርጠው ሰውዬ ጭንቅላት መሀል ቆመ። ቴፒ የእናቴ ዘመዶች በሙሉ አሉ። አክስቴ ማርዋ ገበያውን ሳትረግጥ የምትውልበት ሳምንት የላትም። ወላሂ በዓይኔ መጣልኝ፤ የኔ ፊት፣ የበር ያህል ሆኖ፣ ከስሩ አክስቴ ቆማ ለሰዉ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ነው» ስትል። ደሞስ ከኔ ሌላ ማን አለው? አምስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን በሙሉ ሆኜለታለሁ። ሀይደር አራት ጊዜ ተስሏል። እትዬ ሸዋነሽ ከነጃንጥላዋ ስድስት ጊዜ። እኔ አንድም ጊዜ።

በማግስቱ ጴጥሮስ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። እኔ ከመስታወቱ ፊት አገጬን እያስተካከልኩ ነበር። እሱ መንገዱን ተሻግሮ ቲቶ ጋ ገባ።

ቲቶን አላስተዋወቅኳችሁም፣ ሆን ብዬ ነው። ከፊት ለፊቴ ጸጉር ቤት የከፈተ የጌጫ ልጅ ነው፤ መስታወቱን በአምፖል የከበበ፣ ወንበሩ የሚሽከረከር። መልኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ይሄንንም ሆን ብዬ ነበር የማልነግራችሁ።

ጴጥሮስ ሲመለስ «ምን ጎድሎብኝ ነው?» አልኩት።

«ምንም። የሱ ፊት ዝም ይላል። የጥሩ ሰው ፊት ዝም ማለት አለበት።»

«የኔስ?»

«ያንተ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።»

ምን ላድርግ? ተከራክሬ አላሸንፈውም። ሌላ መንገድ ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ሥራዬ ቲቶን መሆን ሆነ። ቲቶ ከበሩ ብቅ ሲል መጀመሪያ አንገቱ ይመጣል፣ ሰውነቱ ከብዙ ቆይታ በኋላ ይከተላል፣ እስከዚያ ድረስ እኔ ጋ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ቆጥሮ ጨርሷል። ደንበኛ ሲላጭ የሚያየው የደንበኛውን ጭንቅላት አይደለም፣ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ራሱን ነው። ዋናው ደሞ እጁ። እትዬ ሸዋነሽ ሙዝ ብትጋብዘው፣ መዳፉ «ኧረ ተይው፣ ኧረ በቃኝ» ይላል፣ ጣቶቹ ግን ከስር ሆነው ትልቁን ይመርጣሉ። ይህችን እጅ ስሠራት ደንበኞቼ ከወንበር ይወድቁ ነበር። አንድ ቀን ሀይደር ሲስቅ የሚጠጣው ሻሂ አፍንጫው ውስጥ ገባ። አሥር ቀን ሙሉ አሳየኋቸው። ጥጉ ላይ እርሳሷ ሸር ሸር ትላለች። እኔም ልቤ እያወቀ የበለጠ አንገቴን አስረዝማለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጴጥሮስ የጀመረውን ለእትዬ ሸዋነሽ ሰጣት። ቲቶ ቅርጫቱን ይዞ ቀይ ቀዩን አንድ በአንድ ሲለቅም። ወረቀቱን አገላበጠች።

«ይሄ ደሞ ማነው?»

«ቲቶ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ቲቶማ አይደለም። ቲቶ አንድ ቡና ለቅሞ ቀጥሎ ያለውን የሚተው ነው?» አለችና በሁለት ጣቷ ከሙዟ ትልቁን መዝዛ፣ በመዳፏ «ኧረ ተይው» አለች። የኔን እጅ ነው የሠራችው። አጠገቧ የነበሩት ሳቁ።

ጴጥሮስ ወረቀቱን ቀደደው። ወደ ሱቁ ገብቶ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ።

«ቲቶን አበላሸህብኝ። ካሁን በኋላ ማንም በጥሩነት አያምነውም» አለኝ።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ስግብግቡ እሱ ይሆናል። ለጥሩው ሌላ ፊት እፈልጋለሁ።»

ያኔ ለመንኩት። መለመኔን አልደብቅም። የአክስቴን ነገር አነሣሁ፣ መስታወቶቼን አነሣሁ፣ አምስቱን ዓመት አነሣሁ። በመጨረሻ እርሳሱን አነሣና «እሺ፣ ግን አፍህን ያዝ» አለኝ። ከመስታወቱ ፊት አስቀምጦ አንድ ሰዓት ዝም አሰኘኝ። ወላሂ ከዚያ የከፋ ሰዓት አላየሁም። ደንበኛ ገብቶ «ታመመ እንዴ?» እስኪል ድረስ። አፌን ስይዝ ምን እንደምመስል ያን ቀን አየሁ፤ የማላውቀው ሰውዬ ነው።

ጴጥሮስ ነገሩን በድብቅ አይሠራም። ተሻግሮ ለቲቶ ቦታው እንደተቀየረ ነገረው። ቲቶ ጠየቀ አሉ፣ «ፊቴ ይታያል?» «ከሁሉ ይበልጥ» አለው ጴጥሮስ። «እንግዲያው ምን ቸገረኝ» አለ ቲቶ። ይሄን ስሰማ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሞኝ ነው አልኩ።

ባነሩ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ተሰቀለ። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ በማለዳ ሄድኩ፤ አገጬንም በጴጥሮስ ስዕል ልክ ይዤው ነበር። አንደኛው ሳጥን ላይ ይኸው ነኝ፣ ትልቅ፣ ዝም ብዬ። ከጎኔ ባለው ሳጥን ዳር አንድ አንገት ብቻ ገብቷል። ሰውነት የለውም። አንገቱ የኔን ቅርጫት ያያል። በሦስተኛው ሳጥን ሰውነቱም ደርሷል፤ መዳፉ ለቅርንጫፉ «ኧረ ተይው» ይላል፣ ጣቶቹ ግን አረንጓዴውን በሙሉ ገፈውታል። ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ ፊት ጴጥሮስ አልሳለም፤ የሳለው ነጋዴው አፍንጫውን ይዞ ሲሄድ ጀርባውን ነው። መጨረሻው ላይ እኔ ከነጆንያዬ ቆሜ ፈገግ ብያለሁ። ከኋላዬ፣ ጥግ ላይ፣ ስግብግቡ ግራ ቀኙን እያየ ከኔ ዛፍ ላይ አንዲት ቀይ ፍሬ ይለቅማል። አንዲት ብቻ። ተምሯል።

ሰው በሳቅ ሊሞት ነው። የቤንችኛው ሳቅና የካፊኛው ሳቅ አንድ ዓይነት መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልጅ አዋቂው አንገቱን እያስቀደመ ገበያው መሀል ይሄዳል። እኔ ባነሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ልክ እንደ ስዕሉ፣ አፌን ይዤ። አንዲት ኮረሪማ የተሸከመች የሸኮ እናት መጣች። እኔን አየች፣ ባነሩን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። አገጬን ቀና አደረግኩላት።

«ወንድሜ፣ እስቲ ዞር በልልኝ። ያንን አንገታሙን ከለልከኝ» አለች።

ዞር አልኩላት።

እትዬ ሸዋነሽ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «ምን ታኮርፋለህ? ጥሩ ሆነህ ወጥተሃል። ጥሩ ሰው ደሞ ምኑ ይታያል?»

ሳምንት ሳይሞላ አክስቴ ማርዋ ከቴፒ ደወለች። ስልኩን ሳነሣ እየሳቀች ነው። «ኸይሩዬ፣ እዚህ ገበያ ላይ አንድ የተሰቀለ ሰውዬ አለ፣ እጁ እንዲህ እንዲህ የሚል። የሚዛን ጸጉር አስተካካይ ነው አሉ። ታውቀዋለህ?»

«ከጎኑ ያለውን አላየሽውም?»

«ከጎኑ ሰው አለ እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ጌጫዎች መምጣት ጀመሩ። የኛ ልጅ ነው ብለው ወፍራም ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ ሚዛን ለሌላ ጉዳይ የመጣው ሁሉ ተሻግሮ ቲቶ ጋ ነው የሚላጨው። ከሱ ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ቲቶ በሩ ላይ የባነሩን ፎቶ አሳትሞ ለጠፈ። እኔ ካለሁበት ሳጥን ቆርጦ፣ እሱ ያለበትን ብቻ። ቀን ቀን ማሽኔን ይዤ ያንን ሰልፍ አያለሁ። የሚያስቃቸው አንገት የኔ አንገት ነው። እጁም የኔ ነው፣ አሥር ቀን ለፍቼበታለሁ። ለማን ይከሰሳል? አንገቴን ሰረቀኝ ብዬ ፍርድ ቤት አልሄድ። ደሞ አልሰረቀም፣ እኔው ነኝ የጫንኩበት።

ጴጥሮስ ላይ ጮህኩበት። «በሚቀጥለው እኔን ስግብግቡ አድርገኝ» አልኩት።

«ስግብግቡማ አንተ ነህ እኮ።»

«ታዲያ ፊቴ ለምን ሌላ ቦታ ሄደ?»

«ለመንከኝና ነዋ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ፊትህን ለምነህ አስገባህ። አንገትህን ማንም ሳይጠይቅህ ሰጠህ።»

አኮረፍኩ። ትሁት ሁለተኛ ባነር አዝዛ ነበር፣ ስለ ማድረቂያው አልጋ፣ ስግብግቡ ይደገም ብላ። ጴጥሮስ «ቲቶ ዝናብ ሲመጣበት እንዴት ይሮጣል?» ሲለኝ «እንጃ» እለዋለሁ። ብቻውን ሞከረ። እትዬ ሸዋነሽ አይታ «ምነው፣ ይሄ ሰውዬ ታመመ እንዴ?» አለችው። ልጣጩ ውስጥ ከተተው። ሌላ ሠራ፣ እሱንም ከተተው። ሦስተኛውንም። አንድም ቀን ግን እባክህ አላለኝም። ጠዋት ይመጣል፣ ያቺው ጥግ ይቀመጣል፣ ነጭ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዉን በሁለቱ መስታወት ያያል። በሱ አለመለመን ነው የተቃጠልኩት። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እለምን ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ቀን ቲቶ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ ገባ። ከኋላው ሦስት የጌጫ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ወንበሬ ላይ አንድ ደንበኛ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጧል።

«ኸይሩ ወንድሜ፣ አስተምረኝ» አለ ቲቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑን?»

«ያንን አካሄድ። የመጣ ሁሉ እንደ ባነሩ ሁን ይለኛል። እሆናለሁ፣ አይስቁም። እኚህ ሽማግሌ ከጌጫ ድረስ መጥተው፣ ውሸት ነው፣ አንተ አይደለህም አሉኝ።»

«ታዲያ ነህ እንዴ?»

ዝም አለ። እውነትም ፊቱ ዝም ሲል ያምራል።

«እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ልስቅበት ነው።

አሳየኝ። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ዶሮ ነው ያደረገው። አንገቱና ትከሻው አብረው ነው የሚመጡት። መዳፉና ጣቱ አንድ ሐሳብ ነው ያላቸው። ለመሳቅ ነበር የጠየቅኩት፣ ሳቁ ግን አልመጣም። የለፋሁበትን ነገር ሰው ደጅ ላይ እንደዚያ ሲጥለው ማየት አልቻልኩም።

«ተው፣ ተው፣ ትከሻህን እቤት ተወው» አልኩና ማሽኑን አስቀመጥኩ። «አንገት ብቻ። ትከሻህ ገና አልሰማም። አሁን ቁጠር። አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው። አሁን ትከሻ። እንዲያ አይደለም፣ እይ።» ከበሩ ወጥቼ ገባሁ። ሽማግሌው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ዝናቡንም ጨመርኩለት፤ ቡናውን ሊያነሣ ሲሮጥ፣ መሀል ላይ የጎረቤቱ እርጥብ እንደሆነ ሊያይ ሲቆም፣ የራሱ ሲረጥብ። ቲቶ ከኋላዬ ይከተላል። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ አረፋው ደረቀበት። ጥጉ ላይ እርሳሷ ሸር ሸር ማለት ጀመረች፤ ሰማኋት፣ አላቆምኩም።

በሰባተኛው መጣለት። አንገቱ ገባ፣ ቆጠረ፣ ትከሻው ተከተለ። ጌጫዎቹ ሳቁ፣ ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ፣ ለቲቶ አጨበጨቡለት። «የኛ ልጅ» እያሉ በትከሻው ይዘውት ወጡ። ወደ እኔ ዞር ያለ የለም። ቲቶ ብቻ በሩ ላይ ሆኖ «ነገም ልምጣ?» አለኝ።

«ጠዋት ና። ክርንህ ገና ይቀረዋል።»

ሲሄዱ ጴጥሮስ ወረቀቱን ለእትዬ ሸዋነሽ ወስዶ አሳያት። ከሱቁ ውስጥ ሆኜ «ከዚያስ?» ስትል ሰማኋት። ተመልሶ ገብቶ አዲስ ወረቀት አወጣና አገጬን ማየት ጀመረ።

«ጥሩውንም ልጀምር። ተቀመጥ፣ አፍህን ያዝ።»

ወንበሩን አየሁት፣ መስታወቱን አየሁት። አክስቴ ያላየችው ያ ዝምተኛ ሰውዬ እዚያ ውስጥ ይጠብቀኛል።

«ፊቴን ተወው» አልኩት። «እኔ ቆሜ ስግብግቡን ልሁንልህ። ለጥሩው ሌላ ሰው ፈልግ። ሀይደር ሲተኛ ዝም ይላል ይባላል።»

ቀልዴን ነበር። ጴጥሮስ ግን ቀልድ አይገባውም፤ ሀይደርን ጠየቀው። ሀይደር ትናንት ባጃጁን ደጄ ላይ አቁሞ ገባ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መስታወቴ ፊት ተቀመጠና «ኸይሩ፣ አሳምረኝ እስቲ፣ ቴፒ ልሰቀል ነው» አለኝ። ፊቱ ቀድሞ ዝም ብሏል፣ ጀምሮታል። ወላሂ በራሴ አፍ ነው ቦታዬን የሰጠሁት። ማሽኑን አስነሣሁና ከጎን ጸጉሩን ትንሽ፣ ከሚገባው በላይ ትንሽ ብቻ፣ አሳጠርኩበት።